ያልተከፈተው ቀይ ቀለም

ጡረታ በወጣሁ ቀን የንብረት ክፍሉ ሹም አቶ አድማሱ የቢሮዬን ዕቃ ሊረከብ መጣ። ንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት የተቀመጥሁባትን ወንበር፣ ጠረጴዛዋን፣ የማኅተሙን መርገጫ፣ ሁለት የብዕር ዘንግና መዝገቦቹን አንድ በአንድ አይቶ ፈረመልኝ። መጨረሻ ላይ መሳቢያውን ሳብ አድርጎ አንዲት ብልቃጥ አወጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አያት። ቀይ ቀለም ናት። ክዳኗ ላይ ያለው ሰም እንኳ አልተነካም።

«አያ ደሴ፣ ይችን እኮ እኔው ነኝ የሰጠሁዎ። በመጡበት ዓመት።»

«አንተው ነህ።»

«ታዲያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከፍቷት? ሌሎቹ ጸሐፊዎች ቀይ አለቀብን እያሉ ነፍሴን ያወጧታል። እርስዎ የመዝገቡን ርእስ በምን ይጽፉ ነበር?»

«በጥቁር።»

«የባለጉዳዩንስ ስም?»

«በጥቁር ነዋ!»

አድማሱ ሣቀ። «መቼም ለመቆጠብ ብለው አይሆንም። አንድ ነጥብ ቀለም ተንጠባጠበ ብሎ ሙሉ ገጽ የሚቀድ ሰው ከእርስዎ በቀር አላውቅም። በሉ፣ ጊዜዋ አልፏል ብዬ ከመዝገብ እሰርዛታለሁ። ለማስታወሻ ይውሰዷት።»

ብልቃጧን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ለጥያቄው ግን መልስ አልሰጠሁትም፤ ቆመው የሚናገሩት ነገር አይደለም። ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ተነሥቶ ኮሪያ ደርሶ የሚመለስ ነገር ነው። ዛሬ የሚጠብቀኝ ባለጉዳይ ስለሌለ ተረጋግቼ እጽፈዋለሁ።

ስለ እጄ ጽሕፈት ስናገር አላፍርም። በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም ያሉ መዝገብ ቤቶች ይመስክሩ። ሃያ ዓመት ያህል የጻፍሁትን ማንም ዳኛ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ይህን ያገኘሁት ግን በድምፄ መጥፎነት ነው። አባቴ ድጓ ተምሬ መሪጌታ እንድሆንለት ብሎ ቤተ ልሔም ወስዶ ለየኔታ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ጮህሁ። በሁለተኛው ዓመት የኔታ አንድ ቀን ዜማ እየቀጸልሁ ሳለ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ እግዜር ለአንተ ጉሮሮ ሲያድል ሌላ ሰው ቀድሞህ ነበር። እስቲ እጅህን አሳየኝ» አሉ። ጣቶቼን አገላብጠው አዩና ለቁም ጽሕፈት አዛወሩኝ። ጓደኞቼ ለሳምንት ሣቁብኝ። እኔ ግን መቃ ብርዕ በያዝሁ በሦስተኛው ቀን ቦታዬን እንዳገኘሁ አውቄዋለሁ።

ብራና መፋቅ፣ መወጠር፣ በወስፌ መሥመር ማስመር፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል በጥብጦ ወራት ማሳደር፣ ሁሉንም እዚያ ተማርሁ። ቀዩን ግን የኔታ ራሳቸው ነበሩ የሚበጠብጡት። ቀይ ለማንኛውም ስም አይውልም። የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የታቦቱ ባለቤት የቅዱሱ ስም በቀይ ይጻፋል። ከሰው ደግሞ መጽሐፉን ያጻፈው፣ ደብሩ የሚያመሰግነው ሰው ስም በቀይ ይገባል። «ጥቁሩ ለንባብ ነው፤ ቀዩ ለክብር» ይሉ ነበር። ቀይ ሊጽፉ ሲሉ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ የእኔንም ያስታጥቡኛል። ይህን እዚህ ላይ የማነሣው ኋላ ለሠራሁት ጥፋት ሥሩ ይኸው ስለሆነ ነው። ያስተማሩኝን በትክክል ነው የፈጸምሁት።

ዕድሜዬ ሲገፋ የደብር ጽሕፈት አላኖር አለኝና ወደ ጦር ሠራዊት ሄጄ ተቀጠርሁ። እጄን አይተው ከጠመንጃው ይልቅ መዝገቡን ሰጡኝ። ወደ ኮሪያ የሚዘምት ጦር ሲመረጥም የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሄድሁ። የባሕሩን መንገድ አልተርክም፤ ከጅቡቲ እስከዚያ ድረስ ሆዴ ውስጥ የቆየ ምግብ የለም።

ኮሪያ ተራራ ነው። ለስማዳና ለጋይንት ሰው ተራራው አዲስ አልነበረም፤ ብርዱ ግን የጉና ብርድ ታናሽ ወንድሙ መሆኑን አሳየን። ጦራችን ምሽግ የያዘው ከላይ ነው፤ እኔና ግምጃ ቤቱ ከታች ሸለቆው አፍ ላይ ነን። መኪና ከእኛ አያልፍም። ጥይቱንም፣ ውኃውንም፣ እህሉንም ወደ ላይ የሚያወጡት ኮሪያውያን ተሸካሚዎች ነበሩ። ጂጌ የሚሉት በጀርባ የሚታዘል የእንጨት መሸከሚያ አላቸው። እኔ አንድ ኩንታል ስቆጥር እነሱ ኩንታሉን አዝለው ዳገቱን ይጀምሩታል። አብዛኞቹ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወጣቱ ጦር ውስጥ ነው።

የእኔ ሥራ ጧት ጧት ስማቸውን መጥራት ነበር። ስማቸውን በእኛ ፊደል ሰምቼ የጻፍሁት ነው፤ እንደ ሰማሁት ስጠራው ግን የሚመልስ የለም። የእኛ ፊደል የማይዘው ድምፅ አላቸው። ቆሞ የሚያየኝን ሰው «ቀርቷል» ብዬ እመዘግባለሁ፤ ያልመጣው ደግሞ «አለ» ይባላል። አንድ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ሸክሙን አውጥቶ ሳለ በእኔ መዝገብ የለምና ራቱ ተከለከለ። ሦስተኛው ቀን ላይ ይህን የነገረኝ የተሸካሚዎቹ አለቃ ሃን ነው።

ሃን ከጦርነቱ በፊት የሰፈር ትምህርት ቤት መምህር የነበረ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን ሰው ነው። አማርኛ ከወታደሩ ለምዷል። ከወታደር ስለተማረው ግን «እርስዎ» የሚባል ነገር አልደረሰውም፤ ሻምበላችንን ሳይቀር «አንተ፣ ና» ይለዋል። ሻምበሉ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ወዶት «ከዚህ ሁሉ ሰው የሚያዘኝ እሱ ብቻ ነው» ይል ጀመር። ሃን መዝገቤን ወስዶ ገለጠ፤ ጽሕፈቴን ብዙ ጊዜ አየው። መምህር መምህሩን ያውቃል፤ እጄን እንደወደደው ገባኝ። ከዚያ ጣቱን መዝገቡ ላይ አኑሮ፣ «ቆንጆ። ግን ውሸት» አለኝ።

ቆሽቴ አረረ። ለእኔ ከዚያ የከፋ ስድብ የለም። «እንግዲያው እውነቱን ያስተምሩኝ» አልሁት።

በማግሥቱ ጀመርን። ጧት ተሸካሚው ዳገት ከወጣ በኋላ እስከሚመለስ ጊዜ አለን። ሃን መሬቱን በመጥረጊያ ይጠርግና በእንጨት ይጽፋል። የእኛ ፊደል አናባቢውን በገላው ላይ ነው የሚሸከም፤ እግሩ ይረዝማል፣ ጎኑ ይቀጠላል። የእነሱ ግን ለየብቻ ነው። ተነባቢው አንድ ምልክት፣ አናባቢው አንድ ምልክት ሆነው ይመጡና በአንዲት አራት ማዕዘን ቦታ ውስጥ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ያች አራት ማዕዘን አንድ የድምፅ ክፍል ናት። እኔ ሳጥን አልኋት። አናባቢዎቹን በአንድ ቀን ያዝሁ። ሰረዟ ቆማ ጥርሷ ወደ ቀኝ ከሆነ «አ»፣ ወደ ግራ ከሆነ «ኧ»፤ ተጋድማ ጥርሷ ወደ ላይ ከሆነ «ኦ»፣ ወደ ታች ከሆነ «ኡ»። ክቧን ምልክት ሳይ ዓይኑ ዐ መሰለችኝና በደስታ ጮህሁ፤ ሃን ምን እንዳስጮኸኝ አልገባውም። ያስቸገረችኝ ሁለት እግር ያላት የእነሱ ሰ ናት። ከእኛ ለ ጋር መንትያ ስለሆነች ሳያት ምላሴ ራሱ «ለ» ይላል።

ሃን ስሳሳት አይቆጣም። «ዳሲ» ይላል። በቋንቋቸው «እንደገና» ማለት ነው። ስፈጽመውም አያመሰግንም፤ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በቀን መቶ ጊዜ «ዳሲ» ሰምቻለሁ ብል አላጋነንሁም። የጻፈውን ፊደል ሲያጠፋ በእግሩ አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ያብሰዋል። ፊደል አይረገጥም። የኔታም መጽሐፍ የተቀመጠበትን ቦታ የተሻገረ ተማሪ ይቀጡ ነበርና፣ ያን ቀን ሃንን «የኔታ» ልለው ምንም አልቀረኝም። እርሳሱን በሰንጢ እንደ እሾኽ ይቀርጸዋል፤ ከጆሮው ጀርባ ይሰካዋል፤ ወረቀት ላይ ከማሳረፉ በፊት ሳጥኗን አንድ ጊዜ በአየር ላይ ይጽፋታል። ይህን ልማዱን ወርሼ፣ የእስቴ ባለጉዳዮች «ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ያማትባል» እያሉ ሲያሙኝ ኖረዋል።

እኔም በቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው ያጠናሁት። ዜማ ሰጠሁትና በተሰነጠቀ ድምፄ ሳዜመው ከዳገት የተመለሱት ተሸካሚዎች ጂጌያቸውን ደግፈው ቆመው ይሥቁብኛል። ይሣቁ! በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የሁሉንም ስም በራሳቸው ፊደል ጻፍሁ። አንድ ጧት መዝገቡን ከፍቼ ጠራሁ፤ አንድም ስም ሳይመክን ሁሉም መለሱ። የመጨረሻው ሲመልስ ሃን እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አውጥቶ ሰጠኝ። ከእሱ ያገኘሁት ምስጋና ይኸው ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ቀርጬ አልጨረስሁትም።

አሁን ወደማልወደው እደርሳለሁ።

ከግምጃ ቤቱ በታች በግማሽ ሰዓት መንገድ የተሸካሚዎቹ ቤተሰብ የሚኖርበት መንደር ነበር። አብዛኛው ሰው ጦርነቱን ሸሽቶ ወደ ደቡብ ሄዷል፤ የቀሩት ባል ወይም አባት ዳገቱ ላይ ያላቸው ናቸው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጧት መጥተው ግምጃ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ያያሉ። ስሙ ያለ ሰው ደኅና ነው። የሞተ ካለ ሃን ቅዳሜን አይጠብቅም፤ ራሱ ሄዶ ቤቱ ይነግራል። ስለዚህ የሞተ ሰው በወረቀት እንዴት እንደሚገለጽ እኔ አይቼ አላውቅም። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሃን ነበር፤ ለማንም አይሰጥም።

ሚስቱ ሱኒ እዚያው መንደር ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ነበረች። ወንድሟ ከደቡብ ናፍቆ፣ መኪና ልኮ፣ «ነይ» ብሏታል፤ እሷ ግን ሃንን ትቼ አልሄድም ብላ ነው የቀረች። ማንበብ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። በዚያ አገር ገጠር የምታነብ ሴት ብዙ አልነበረችም፤ እሱ ይኮራባት ነበር።

አንድ ሳምንት ከላይ ያለው የተሸካሚዎች ምክትል ቆሰለና ሃን ራሱ ወደ ምሽጉ ወጣ። ሲወጣ፣ «ቅዳሜ ዝርዝር፣ አንተ ጻፍ» አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የግምጃ ቤቱን ነጭ ወረቀት መርጬ አወጣሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ አሰመርሁ። የሁሉንም ስም በጥቁር ቀለም፣ ሳጥን በሳጥን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሰርዝ ጻፍሁ። ዛሬም ከጻፍኋቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

ከዚያ መምህሬን ማክበር አማረኝ። የኔታ እንዳስተማሩኝ አደረግሁ። የግምጃ ቤቱን ቀይ ቀለም አወጣሁና ከሁሉም በላይ፣ መሀል ላይ፣ የሃንን ስም ጻፍሁ። ቆብ የደፋ ክብ፣ ከጎኑ ጥርሷን ወደ ቀኝ ያወጣች ቋሚ ሰረዝ፣ ከሥራቸው እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው የመሰለችው የእነሱ ነ። ይህች ሃን ናት። የቀሩትን ሁለት ሳጥኖችም እንዲሁ በቀይ ጨመርሁ።

ቅዳሜ ጧት ሱኒ ከሌሎቹ ቀድማ መጣች። እኔ ልክ እንደ ሙሽራ ሚዜ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አየችው። ፊቷ ምንም አልሆነም። ጣቷን አንሥታ ቀዩን ስም ነካችና ወደ እኔ ዞረች። እኔ በኩራት ደረቴን መታሁ፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ከዚያ ለመምህሬ ሚስት ክብር ብዬ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ። እሷም ወገቧ እስኪታጠፍ ድረስ እጅ ነሣችኝና ሄደች። ከኋላ የደረሱት ሌሎቹ ሴቶችም ወረቀቱን አይተው ተከትለዋት ሮጡ። ሲሮጡ አይቼ እንኳ አልጠረጠርሁም። ቀኑን ሙሉ ፉጨት እያፏጨሁ ዋልሁ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ አንድ ተሸካሚ ከላይ ወረደ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ሲያይ ጂጌውን ጥሎ ጮኸ፤ ወረቀቱንም ቀደደው። እጁን ይዤ ምን ሆነህ አልሁት። በቁርጥራጭ አማርኛው፣ «ሃን አለ! ሃን አለ! ለምን ቀይ?» ይለኛል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ አሳየኝ። በእነሱ አገር የሰው ስም በቀይ የሚጻፈው ሲሞት ነው። እንደዚያ አድርጌ እጅ መንሣቴም ለእሷ የባሏን መርዶ መንገር ነበር።

መንደሩ ድረስ ሮጥሁ። ቤቱ ተዘግቷል። ሐዘኗን እንኳ ሳትቀመጥ ቅዳሜውኑ ልጆቿን ይዛ፣ ስደተኞች በሚጭን መኪና ወደ ደቡብ ሄዳለች። ወንድሟ የነበረበት ከተማ ደግሞ በጦርነቱ ወድሟል፤ ሰው ሁሉ ከዚያም ተነሥቶ በየሰፈሩ ተበትኗል። የሚያውቅ የለም።

ሃን ማክሰኞ ወረደ። ሌላ ሰው እንዳይነግረው ዳገቱ ሥር ሄጄ ጠበቅሁት፤ ሁሉንም ነገርሁት። አልሸሸግሁም፣ ሌላም ሰው ላይ አላሳበብሁም። ስጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን ቀይ?» አለኝ።

«በእኛ አገር የተከበረ ሰው ስም በቀይ ነው። መምህሬ ስለሆኑ ነው፤ እግዜር ያውቃል።»

«ባንተ አገር ቀይ፣ ክብር?»

«ክብር ነው።»

አልተቆጣኝም። ቢመታኝ እመርጥ ነበር። ኋላ ተነሥቶ ወደ ግምጃ ቤቱ ገባ፤ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ጥቁሩን ቀለም አስጠጋልኝ። ራሱ መጻፍ ይችላል፤ ከእኔ በፍጥነት ይጽፋል። ግን ብዕሩን አልያዘም።

«አንተ ገደልህ» አለኝ። «አንተ አንሣ። ጻፍ።»

የሚጻፈውን በአየር ላይ አሳየኝ። የሱኒ ስም፣ ከዚያ «ሃን በሕይወት አለ»፣ ከዚያ ግምጃ ቤቱ ያለበት ሸለቆ ስም። ጻፍሁ። ወረቀቱን አየና «ዳሲ» አለኝ። ሳጥኖቹ ይጣመሙብኝ ነበር። ዳሲ። ጻፍሁ። ዳሲ። የኮሪያን ፊደል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት እያጌጥሁበት ነበር። ቅዳሜም እሑድም ሳይቀር በየቀኑ ስጽፍ አንድ ወር አለፈ። ወደ ደቡብ ለሚወርድ የመኪና ነጂ፣ ለቁስለኛ፣ ለስደተኛ እሰጣለሁ። «በየጉድጓድ ውኃው፣ በየባቡር ጣቢያው ለጥፉልኝ» እላለሁ። ሻምበላችን ወረቀቱ ማለቁን አይቶ ገሠጸኝ፤ ምክንያቱን ስነግረው የራሱን የደብዳቤ ወረቀት አምጥቶ ጣለልኝ።

መልስ ሳይመጣ ተራችን ደረሰና ሌላ ጦር ተካን። ስንለያይ ሃን አድራሻዬን በእኛ ፊደል አስጻፈኝ፤ «ጋይንት፣ ቤተ ልሔም» ብዬ ጻፍሁለት። የእኔን ስምም በእነሱ ፊደል አብሬ አኖርሁ። ይቅርታ ስለው፣ «እፈልጋታለሁ» አለኝ እንጂ ይቅር ብያለሁ አላለኝም።

አገሬ ገብቼ ከጦሩ ተሰናበትሁና የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆንሁ። መጀመሪያ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ ቀጥሎ ስማዳ፣ በመጨረሻ ንፋስ መውጫ። ደመወዙ ቤት ያስተዳድራል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። ቀይ ቀለም ግን በተሾምሁበት ሁሉ ይሰጡኛል፣ በተዛወርሁበት ሁሉ ሳልከፍተው አስረክባለሁ።

መካነ ኢየሱስ ሳለሁ አንድ ነገር ሆነ። አንድ ገበሬ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሰቲት ወርዶ ሦስት ዓመት ጠፋ። ወንድሙ ሦስት ምስክር አቁሞ «ሞቷል፣ መሬቱ ይገባኛል» አለ። «አልሞተም» የምትል ሚስቱ ብቻ ናት፤ ምስክር የላትም። ዳኛችን ቁጡ ሰው ናቸው፤ ጉዳይ ሲጓተት ጢማቸውን ይነጫሉ። «ሟች ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ብዕሬን አስቀመጥሁ።

«ምን ሆንህ?»

«ጌታዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

«እጅህን ማን ጠየቀው? ፈረድሁ አይደለም እንዴ!»

«ጌታዬ ይችን ቀለም ካፈሰስሁ በኋላ የሚመልሳት የለም። አራት ወር ይስጡኝ፤ ማስታወቂያውን በራሴ እጅ ጽፌ በየገበያው አስለጥፋለሁ።»

ጢማቸውን ሲነጩ ቆዩና «አራት ወር ብቻ!» ብለው ጮኹብኝ። ለእስቴም፣ ለስማዳም፣ ለጋይንትም ገበያ፣ ወደ ቆላ ለሚወርድ ነጋዴም ሁሉ ጻፍሁ። ሰውየው በአራተኛው ወር ማብቂያ፣ እግሩ በበሽታ ሽባ ሆኖ በበቅሎ ተጭኖ ችሎት ፊት ቀረበ። ከዚያ በኋላ ዳኛው ከባድ ፍርድ ሲሰጡ ወደ እኔ ዘንበል ይሉና «ደሴ፣ እጅህ ምን ይላል?» ይሉኝ ነበር። ሚስቱ በየዓመቱ ለቅዱስ ሚካኤል ዝክር ስታወጣ ትጠራኛለች። እኔ ግን በየዝክሩ የሌላዋን ሴት መንገድ አስባለሁ። እዚህ አንድ ሰው መለስሁ፤ የኮሪያው አልተመለሰልኝም እላለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ አብሮኝ የዘመተ አንድ የመቶ አለቃ ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ መጣ። ጎብኚ ሆኖ እንደገና ኮሪያ ደርሶ መመለሱ ነው። «አንዲት ሴትዮ ከጋይንት የመጣ ወታደር አለ ወይ እያለች ሁላችንንም ስትጠይቅ ነበር» አለኝና ፖስታ ሰጠኝ። ሁለት ወረቀት ነው ያለበት። አንዱ የእሷ ደብዳቤ፣ አንዱ አስተርጓሚ የጻፈው አማርኛ። አማርኛውን አጥፌ አኖርሁትና የእሷን ዘረጋሁ።

በጥቁር የተጻፈ ነው፤ ሁለት ስም ብቻ በቀይ ወጥቷል።

የመጀመሪያውን ሳላነብ አወቅሁት። ቆብ የደፋ ክብ፣ ጥርሷ ወደ ቀኝ፣ ከሥራቸው የተቀመጠ ሰው። ሃን። በእሱ አገር ልማድ በቀይ። መምህሬ ሞቷል ማለት ነው። አለቀስሁ።

ወደ ሁለተኛው ወረድሁ። ሁለት ሳጥን ነው። በቀኝ በኩል የተከፈተች ደ፣ ሁለት ቋሚ ሰረዝ። ቀጥሎ ያች ሁለት እግር ያላት ፊደል፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ምላሴ «ለ» ሊል ነበር፣ መለስሁት። ደ፣ ሴ። የእኔው ስም ነው፣ በቀይ። ደነገጥሁ። ልትረግመኝ ይሆን? አንተም እንደ ገደልኸው ሙት ማለቷ ይሆን? ይገባኛል አልሁ በልቤ። አማርኛውን ዘረጋሁት። እንዲህ ይላል።

«ያችን ወረቀት ከውኃ ጉድጓድ አጠገብ አገኘኋት። ጽሕፈቷ የሃን ስላልነበረ አላመንሁም፤ ግን በጥቁር ተጽፋ ነበርና ተመለስሁ። ከእሱ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ኖርን። ሁለት ልጆች አብረን ዳርን። ባለፈው መከር በዕድሜው ሞተ። ወረቀቷን አልልክልህም፣ የእኔ ናት። ሃን በአንተ አገር ቀይ ለማን እንደሚጻፍ ነግሮኝ ነበር። የእሱን ስም በእኛ ልማድ ጻፍሁት፤ የአንተን በአገርህ ልማድ።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ የመቶ አለቃው እስኪደነግጥ ድረስ ሣቅሁ፤ ሃያ ዓመት ያልሣቅሁትን ሣቅ። በእኔ ልማድ ነው እንግዲህ ያከበረችኝ!

መልስ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። እጄን ታጠብሁ። ሃን የሰጠኝን እርሳስ አወጣሁና መሥመሩን አሰመርሁ። የአድማሱን ብልቃጥ ካኖርሁበት አውጥቼ ሰሙን በቢላዋ ፋቅሁት፤ ክዳኑ ከሃያ ዓመት በኋላ በእጄ የተከፈተ የመጀመሪያው ቀይ ቀለም ነው። ሳጥኗን አንድ ጊዜ በአየር ላይ ጻፍኋትና በወረቀቱ አናት መሀል ላይ የሃንን ስም በቀይ አኖርሁ። አሁን በእሱም አገር በእኔም አገር ትክክል ነው።

ከዚያ ብልቃጡን ከደንሁና የሱኒን ስም በጥቁር ጻፍሁ።